ከታናሽ የተወሰደ ዕድሜ

ቡታጅራ ውስጥ አሰልጣኝ ሙስተፋን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ኳስ የማይወድ ነው። ጠዋት ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ዱቄቱን አራግፎ ሠላሳ የሚሆኑ ታዳጊዎችን ያሠለጥናል። ደሞዝ የለውም፤ ፊሽካው ግን ገበያ ድረስ ይሰማል። ከተማው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ሙስተፋ የእሱ ስም አይደለም። እናቱ ያወጡለት ስም «ከድሮ» ነው። ሙስተፋ የሚባለው ተወልደው ባደጉባት በቆሼ ከተማ በርበሬ የሚነግደው ታናሽ ወንድሙ ነው።

ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከድሮ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የወረዳው ውድድር ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች። አባታቸው የታናሽየውን የትምህርት ቤት ካርድ አውጥተው የታላቅየውን ጉርድ ፎቶ ለጠፉበት። ያን ጊዜ ይህን እንደ ሌብነት የሚቆጥረው አልነበረም፤ ከጎረቤት መጥረቢያ እንደ መዋስ ነው። ከድሮ ደረቱ ድረስ የሚደርሱ ልጆችን እየገፈተረ ጎል በጎል ሆነ፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ ተስፋ ቡድንም ወሰደው። እዚያ ግን የጠበቁት ልጆች ሁሉ የእሱ እኩያዎች ነበሩ። ጉልበት ስለነበረው ብልሃት ሳይማር አድጓል። በሁለተኛው ዓመት ሸኙት፤ የተዋሰው ስም ግን አብሮት ቀረ።

እሱ ሲመለስ ሙስተፋ አሥራ ስድስት ሞልቶት ነበር። ኳስ እግሩ ላይ የምትጣበቅለት ልጅ ነበር፤ ከወንድሙ እጅግ ይበልጣል። ሊመዘገብ ሲሄድ ግን መዝገቡን ገልጠው በዚህ ስም የተጫወተ ሌላ ልጅ አለ አሉት፤ ፎቶውንም አሳዩት። ወንድሜ ነው ቢል ወንድሙን ማጋለጥ ሆነበት። ተሳስቻለሁ ብሎ ወጣ፤ ታኬታውንም ለጎረቤት ልጅ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየዓረፋው አብረው ይበላሉ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራሉ፤ ያችን ነገር ግን አንድም ቀን አንስተዋት አያውቁም።

ዘንድሮ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሚደረገው ውድድር ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጥ መሕቡባ የምትባል እናት ወፍጮ ቤት መጣች። ሁለቱም ልጆቿ የከድሮ ሠልጣኞች ናቸው። ሙከሚል አሥራ ሰባት፣ አብዱልሃፊዝ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የትንሹን የልደት ምስክር ወረቀትና የትልቁን ፎቶ አንድ ላይ ይዛ ነበር።

«ትልቁ ካለፈለት ትንሹን ያነሳዋል» አለችው።

አባቱም ያኔ ያሉት ይህንኑ ነበር። ከድሮ እምቢ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ቡድኑ አራት ዓመት ሙሉ ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም፤ ሙከሚል ካለ ዋንጫ አለ፤ ውድድሩ በሚካሄድበት ወልቂጤ ላይ ደግሞ መልማዮች ይመጣሉ። ለሙከሚልም የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ወረቀቱን ተቀበላትና በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ቆሼ ወረደ።

ወንድሙን በጆንያ መሐል አገኘው። ሁሉንም ነገረው። ሙስተፋ ወረቀቱን አየት አድርጎ ትንሹ ይጫወት እንደሆነ ጠየቀ። ከትልቁ ይሻላል፣ ግን ገና አካሉ አልጠነከረም አለው።

«ልጁን ጠይቃችሁታል?»

ከድሮ ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«እኔን ያኔ ብትጠይቁኝ ስሜን እሰጥህ ነበር» አለ ሙስተፋ። «ማንም አልጠየቀኝም።»

ከድሮ ይቅርታ ሊል ሲል ገዢ መጣና ወንድሙ ወደ ሚዛኑ ተነሳ።

ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ልጁን ልጠይቀው ወይ ሲል አሰበ። ከዚያ በራሱ አፈረ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናቱና ወንድሙ እያዩት ከእሺ ሌላ ምን ይላል? አብዱልሃፊዝን በራሱ ፎቶ አስመዘገበው። መሕቡባ በልጄ ላይ በር ዘጋህበት አለችው፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ሙከሚልን ከአዋቂዎቹ ቡድን ጋር እንዲለማመድ ለመነው። ልጁ ለአንድ ሳምንት አኩርፎ ቀረ፤ በስምንተኛው ቀን መጣ።

ወልቂጤ ላይ የገጠማቸው ቡድን ተጫዋቾች ግማሾቹ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው የመጡ ይመስሉ ነበር። እረፍት ላይ እነዚያ ሁለት ለባዶ ይመሩ ነበር። አብዱልሃፊዝ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፤ ከድሮ ይሰብሩብኛል ብሎ ፈርቶለት ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ከተመልካቹ መሐል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ከድሮ! ትንሹን አስገባው!»

ልጆቹ ከድሮ ማነው እያሉ እርስ በርስ ተያዩ። አሰልጣኙ ሜዳ ላይ በዚህ ስም ከተጠራ ሃያ ዓመቱ ነው። ዞር ሲል ወንድሙ ከገመዱ ወዲያ ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ የበርበሬው ብናኝ እንኳ አልተራገፈም። ከቆሼ እዚህ ድረስ መጥቷል። ከድሮ ለአብዱልሃፊዝ ተነስ የሚል ምልክት ሰጠውና፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙት፣

«አቤት» አለ።