የጣቴ ልክ የነበረች ቦኮላ

ባለፈው ቅዳሜ ለጎረቤቴ ለአደ ዲንቄ ካቦርት የሚሆን ቁልፍ ፍለጋ የቁልፍ ቆርቆሮዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፤ ከዚያ ሁሉ ነጭና ጥቁር፣ ባለ ሁለትና ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ መካከል በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ዱብ ብላ ወደቀች። ሳልፈታት አወቅኳት። ስፈታት ደግሞ የግራሶ ሽታዋ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከጨርቁ ያልለቀቀው፣ ወጥቶ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ፤ ስፌቱን አቁሜ እኔም አብሬው ተቀመጥኩ።

ቦኮላ ናት። የሞተርሳይክል ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ለቀዳዳው ሲቀጥንበት መሃል ገብታ ክፍተቱን የምትሞላ፣ ቀለበት የምታህል የብረት ቁራጭ። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ይህን ከየት አወቅሽው የሚለኝ ካለ፣ ከቅናት ነው ያወቅኩት። የሚቀና ሰው ጠላቱን አብጠርጥሮ ያጠናል፤ የእኔ ጠላት ደግሞ ሞተርሳይክል ነበረች።

ያኔ እዚህ ሰበታ ስንገባ፣ እኛ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸን ተከራዮች ነበርን፤ ከአጥር ወዲያ ደግሞ አደ ዲንቄና ልጃቸው ቶሎሳ። ቶሎሳ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፣ ከእኔ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ሲሄድም ሲመጣም ያፏጫል። ፉጨቱ ከአስፋልቱ ማዶ ሲሰማኝ ባልዲዬን አንስቼ፣ ውሃ ቢኖርም ባይኖርም፣ ቦኖ እወርዳለሁ፤ እሱም ባልዲዬን ይሸከምልኛል፤ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሸንኮራ እየላጠ ያበላኛል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እያወራ ያስቀኛል። ወደድኩሽ አላለም፤ እኔ ግን በልቤ ጨርሼው ነበር፣ ሠርጋችን ላይ ማን ማን እንደማይጠራ ሳይቀር ወስኛለሁ።

ከዚያ ያቺ መጣች። ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ መቀመጫዋ እንደ ሶፋ ወደ ኋላ የተኛ፣ አንድ ሰው ጓሮ ጥሏት የዛገች ሞተር ናት። ‘ክሩዘር ናት’ ይላል ቶሎሳ፣ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለሰልሳል። ከፈረቃ ሲወጣ በቀጥታ እሷ ጋ፤ እሑድ እሷ ጋ፤ ሸንኮራው ቀረ፣ ባልዲዬን ራሴ ተሸከምኩ። የሰፈሩ ሴቶች ነገሩ መቼ ይጠፋቸዋል! ሞተሯ ስትነሳ ጠብቀው «ወርቄ፣ ጣውንትሽ ተነሳች» ይሉኛል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ቤት ገብቼ ግን ባልዲዬን እረግጣለሁ።

አልበቃው ብሎ ደግሞ የፊት ጎማዋ አነሰበት። ‘ፊቷ ድንክ ነው’ አለ፤ ቁመቱ የረዘመ፣ ቀጠን ያለ ጎማ ከፊት ሲገባላት እንዴት እንደምታምር በከሰል ግድግዳ ላይ ሥሎ አሳየኝ። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው፤ ያገለገለ ፍለጋ ምናለሽ ተራን አሰሰ፤ በመጨረሻ ቡራዩ አንድ ግቢ ውስጥ፣ የተበተነች የገጠር መንገድ ሞተር ጎማ ከጭድ ሥር አገኘ። የግቢው ባለቤት ልጅ ሌንሴ ትባላለች። አንድ ቀን ጎማውን ለማየት ሄደ። ሌላ ቀን ለመለካት ሄደ። ደግሞ ለመከራከር ሄደ፤ ደግሞ ለማምጣት። ለአንድ ጎማ አራት ጊዜ! ሰበታና ቡራዩ እንዲህ መቀራረባቸውን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ጎማውን ይዞ ሲመጣ በጭቃና በጭድ የተለወሰ ነበር፤ ስለ ጎማው ሁለት ቃል፣ ስለ ሌንሴ ሳቅ ደግሞ አሥር ቃል ተናገረ።

ጎማው ለዘንጉ ሰፊ ሆነ። ዘንግ ከመቀየር ይልቅ ሁለት ቦኮላ ማስቆረጥ እንደሚረክስ ቶርኖ ቤት ነገሩት፤ ቶሎሳ አብረሽኝ ነይ ሲለኝ የሠርግ ጥሪ የመጣልኝ ያህል ፀጉሬን ተሠራሁ። ቶርኖው ብረቱን እየላገ ሲያፏጭ፣ ሽርክቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወድቅ፣ ቶሎሳ አጠገብ ቆሜ ትከሻው ትከሻዬን እየነካኝ አየሁ። ስንወጣ ታክሲው ጢም ብሎ ነበር፤ የቶሎሳ ኪስ ደግሞ ቀዳዳ ነው። አንዷን በመሀረብ ቋጠራት፣ ሌላዋን ‘እንዳትጠፋ ያዥልኝ’ ብሎ እጄን ሳብ አድርጎ በቀለበት ጣቴ ላይ ሰካት።

«ልክሽ ናት!» አለና ሳቀ።

እሱ ስለ ብረት ነበር የሚያወራው። እኔ ግን እስከ ሰበታ ድረስ እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያት፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ መጣሁ። ቤት ስንደርስ ጣቴ አብጦ እምቢ አለች፤ አደ ዲንቄ በሳሙና አሽተው አወጡልኝ፤ ቶሎሳም ጥርግ አድርጎ ከጎማው ሰካት። እንዲህ ባለ ፍጥነት የተፈታ ቀለበት አላየሁም!

ጎማው ገባ። የጭቃ መከላከያው ስለነካ ተነቀለ፤ ፊቷ በጣም ስለተነሳ ጎማውን የሚይዙትን ሁለቱን የፊት እግሮች ከመያዣቸው አላልቶ ወደ ላይ ገፋ አደረጋቸውና ወረደች። ሲነዳት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ አምራ ነበር፤ ያ ነው ያቃጠለኝ። ሲመለስ ደስታው አላስቀመጠውም፤ የፊታችን እሑድ ሌንሴን ጭኖ ሱሉልታ መስኩን ሊያሳያት እንደሆነ ነገረኝ። ለእኔ! እኔ እኮ ከእሱ ጋር ከቦኖው አልፌ አላውቅም።

በዋዜማው ቅዳሜ ግራሶ ሊቀባ ጎማውን ፈታው። ዕቃው ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ፣ እሱ እጁን ሊታጠብ ጓሮ ሲዞር፣ ጎንበስ ብዬ ያቺን የእኔን አነሳኋት። የእኔ ነው ያልኩት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምለው። ሰኞ ልመልስ ነበር አሳቤ። እሑድን ብቻ፣ አንዲት እሑድን ብቻ ላበላሽባቸው!

እሑድ ሲፈልግ ዋለ፤ በአራት እግሩ እየዳኸ አፈሩን በወንፊት ነፋው። ሰኞ ግን ሌላ ሰኞ ሆነ። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ትሰፋለች የሚለው የማስተር ፕላን ወሬና ተቃውሞው ከርሟል፤ በዚያ ጠዋት ግን መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ የተቃጠለ ጎማ ጭስ ግቢያችን ድረስ ገባ፣ ታክሲ ቆመ፣ ቶርኖ ቤቱም ሱቁም በሩን ዘጋ። ወጣት የሆነ ሁሉ እየታፈሰ ነው ተባለ። አደ ዲንቄ ነጠላቸውን እያጣመሩ ከደጅ ቤት፣ ከቤት ደጅ ይላሉ። ቦኮላዋን ጨብጬ በአጥሩ ሽንቁር ሾለኩ፤ ልሰጠው ነበር፣ እመቤቴን ምስክሬ፣ ልሰጠው ነበር።

ቶሎሳ ከፊት በድንጋይ በተደገፈችው ሞተር አጠገብ ተቀምጧል። ቀና ብሎ «ወርቄ፣ ያቺ ብረት ብትገኝ እኮ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጥቼ ነበር» አለኝ። «የሌንሴ አባት ደውለው ነበር። እስኪረጋጋ እኛ ጋ ይክረም ብለዋል።»

እኛ ጋ ይክረም። ሌንሴ እንጀራ ስታቀርብለት፣ ሌንሴ ውሃ ስታስታጥበው፣ የእኔ ሸንኮራ ሲረሳ፣ ሁሉም በአንዴ ታየኝ። እጄን ከፈት ሳደርግ የነበርኩት ሴትዮ መልሼ ጨበጥኩ። ‘አፈላልጋለሁ’ ብዬው ወጣሁ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ወጣቱን የሚያፍሱት መጡ። የሰፈሩን ወጣቶች አንድ በአንድ ከየቤቱ አወጡ፤ ቶሎሳን ከሞተሯ አጠገብ አስነሱት፤ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ መኪና ላይ ጫኑት። ሲያልፍ አየኝ፤ አይዞሽ በሚል ዓይነት ቅንድቡን አነሳልኝ። አደ ዲንቄ መሬት ላይ ተቀምጠው ‘ያ ዋቃ!’ ብለው አምላካቸውን እየጠሩ ጮኹ፤ ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገሩ፤ ያቺን ብረት ያነሳ ሰው ካለ እጁ ይድረቅ አሉ። እኔው ነኝ ደግፌ ያስነሳኋቸው። ‘ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪልኝ’ ብለው ያንኑ እጄን ሳሙት።

ከወራት በኋላ ተፈታ። ከስቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ መጣ፤ ምን እንዳሳለፈ አልተናገረም፣ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም። ሞተሯን ዞር ብሎ አላያትም፤ ለብረት ሰብሳቢ ሰጣት፤ ጣውንቴን በጋሪ ሲወስዷት ቆሜ አየሁ፣ ደስታ ግን ወፍ የለም። በኋላም ያው ቡራዩ ሄደ፣ ያው ሌንሴን አገባ። ያስቀረሁት ነገር የለም፤ ያስቀረሁት ፉጨቱን ብቻ ነው። ሌንሴ ያገኘችው መንገድ ሲሄድ ጥግ ጥጉን የሚይዝ፣ መኪና ከኋላው ሲቆም የሚደነግጥ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሚያፏጨውን ቶሎሳ እኔ አየሁት፣ እሷም ጥቂት አየችው፣ ልጆቹ ግን አያውቁትም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ደግሞ ዛሬም እቀናለሁ፤ ለዚያ ዝምተኛ ሰው እንኳ እራት የምታቀርበው እሷ ናትና።

በዚያው ባለፈው ቅዳሜ፣ የካቦርቱን ቁልፍ ተክዬ ስጨርስ፣ ያቺን ቦኮላ በጨርቁ ጠረግ አደረግኩና በቀለበት ጣቴ ሞከርኳት። ያኔ ሰተት ብላ የገባችው መገጣጠሚያው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ በምራቄ አረጠብኩት፣ ሳሙናም ቀባሁ፣ እምቢ። ጣቴ በሥራ ወፍሯል፣ ብረቷ ያው ናት።

በዚህ መሃል አደ ዲንቄ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ፤ ቶሎ ብዬ ጨበጥኳት። እሑድ ቡራዩ ልጃቸውን ሊያዩ ስለሆነ ካቦርታቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። የተከልኩትን ቁልፍ እየዳሰሱ፣ ዓይናቸው ደከም ስላለ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ አንድም አልጎደለም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የጨበጥኩትን እጄን ያዙና ሳሙት።

«እጅሽ ይባረክ፣ ኢንታላ ኮ።»

ጨብጬ እንደያዝኩ «አሜን» አልኩ።