የአባዬ ሳጥን ድዝ ይላል

አባዬ አንድ ነገር ከያዘ ከእጁ የሚያስጥለው የለም። ዕድሜውን የጨረሰው ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ ነው፤ የሥራ ጓደኞቹም «ሞረድ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ብለን ነበር። ጭራሽ ቤቱን ወርክሾፕ አደረገው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሽቦ፣ መስኮቱ ላይ ብሎን፣ የእኔ አልጋ ሥር ሳይቀር ሆድ ዕቃው የወጣ ሬዲዮ አለ።

የዚያ ሰሞን ጣጣ የመጣው በድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰር ነው። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተረት የሚያነብ ሰው ፈልጎ፣ ድምፄን ቀድቼ እስከ አርብ እንዳስገባ ተነገረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ሥራ ነው፤ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የሚያወጣኝም ሌላ አልነበረኝም። ማይክና ሚክሰር ተዋስኩ። ለሚክሰሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን ግን ተቃጥሎ ነበር። ሌላ ልገዛ ስል አባዬ ተቆጣ፤ እሱ ቁጭ ብሎ እያለ ለዚህች ተብሎ ሱቅ አይኬድም።

ሠራው። ከድሮ ቴፕ ትራንስፎርመር ነቀለ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዳዮዶች ደረደረ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያረጋጋውን ካፓሲተር በየደ፣ ሁሉንም በቆርቆሮ ሳጥን ከተተው። ቀለም ሁሉ ቀባው። ሲሰካ መብራቱ ቦግ አለ፣ በቴስተር ሲለካም ቮልቱ ልክ ሆነ። እሱ ፈገግ አለ። እኔ የድምፅ ማጉያውን ስከፍት ድዝዝዝ። ተረቱን የማነበው ንብ ቀፎ ውስጥ ገብቼ ነው የሚመስለው።

ድዝ ይላል አልኩት። ፈታታው። ትራንስፎርመሩን ቀየረና እንዴት ነው ብሎ እማዬን ጠየቃት። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ጆሮዋን እንኳ ሳትሰጥ «ተሻለው» አለች። እሱም ጥፋቱ ከትራንስፎርመሩ ነው ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ደግሞ ሌላ ትራንስፎርመር ፍለጋ ከተማውን አካለለው። ድዝታው እንዳለ ነው።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሲመጣ ደግሞ አባዬ ሽቦዎቹን በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ነበር። ጋሼ የነኩት ነገር መቼ ተበላሽቶ ያውቃል፣ ጠፋ እኮ ብሎ ማለ። እግዜር ይይለት። አባዬ በዚህ ልቡ ሞልቶ ቀሪውንም ሽቦ ጠቀለለው። እኔ እንዳለ ነው፣ ምንም አልጠፋም ስል፣ እማዬ ከኋላ ትቆነጥጠኛለች። አባዬ ደግሞ ድሮም በቀላሉ ደስ አይልሽም ብሎ ፊቱን ያዞርብኛል። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሉ ነበር፤ እኔ ግን በገዛ ቤቴ ማደሪያ ያጣሁ መሰለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ትዕግሥቴ አለቀ። እማዬን ጓዳ ድረስ ተከትዬ፣ ነገ አርብ ነው፣ ለምንድን ነው የምትዋሺው ብዬ ጮህኩባት። በሩን ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባትሽ አይሰማውም። የበሩን ደወል ከሰማ ራሱ ስንት ጊዜው። ፊት ለፊት ሆነን ጮክ ስንልለት አፋችንን እያየ ነው የሚመልሰው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ምን ብዬ? ደነቆርክ ልበለው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአባዬ ጆሮ መድከሙን ግን ቤቱም ጎረቤቱም ያውቅ ኖሯል፤ ያላወቅነው እሱና እኔ ነን። ያን ሁሉ ዓመት ብረት ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ነው። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ፤ አዘንን እያሉ ሽማግሌውን በባዶ ሜዳ ሲያንከራትቱት ከርመዋል።

ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እማዬ እጇን እያደራረቀች ተከተለችኝ።

«አባዬ፣ ሳጥኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድዝ እንዳለ ነው» አልኩት ጮክ ብዬ። «ተሻለው የሚሉህ እንዳይከፋህ ብለው ነው። አንተ ድምፁ አይሰማህም።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠና እማዬን አያት። እማዬ መሬት መሬት አየች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ በሆዴ።

«የማይሰማ ሰው ይሠራል» አለ። «የተዋሸ ሰው ግን በምን ይሠራል?»



የአልሙኒየሙን ወረቀት ሁሉ ገፎ ጣለ። ቮልቱ ልክ ነው ብሎ የተወውን ቴስተር አነሳ፤ አሁን ግን ያልተረጋጋ ኤሌክትሪክ ይለፍ እንደሆነ በሚለካው በኩል አዞረው። መርፌው ብድግ አለ። ድዝታውን በዓይኑ አየው። ከዚያ በስንጥር እንጨት የተበየደውን ሁሉ አንድ በአንድ እየተጫነ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል ሄደ። ካፓሲተሩ እግር ላይ ሲደርስ መርፌው ዜሮ ላይ ወደቀ፤ እኔም በማጉያው በኩል ጸጥ ሲል ሰማሁ። ብየዳው አልያዘም ነበር። ያ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ጠብታ እርሳስ። እንደገና በየደው። ጠፋ ወይ ብሎም ማንንም አልጠየቀም።

ጊዜ አልነበረኝምና ወዲያው ማይኩን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። አባዬ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ከንፈሬን ከንፈሬን አየ። ተረቱ የአንድ አባት ነበርና፣ መሃል ላይ ስደርስ ዓይኔን ከወረቀቱ አንስቼ እሱን ሳይ ቃላት ዘለልኩ። እንደ ምንም ጨረስኩ።

እማዬ ዓይኗን እየጠረገች፣ ማር ነው፣ እንከን የለውም፣ በዚሁ ይሂድ አለች። አባዬ ወደ እሷ አልዞረም።

«አንቺ ንገሪኝ» አለኝ። «እንዴት ነው?»

አሁን ደህና ነው ማለት ይቀለኝ ነበር። ደክሞታል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«መሃሉ ተበላሽቷል አባዬ።»

«እንግዲያው ድገሚው» አለና ወንበሩን ይበልጥ ወደ እኔ አስጠጋው።