በየቤቱ የተበተነ ኪታብ

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ከሟቹ መምህራቸው የወረሷቸው ኪታቦች አንዱ ያለ ሌላው አይነበብም። የአንዱ ህዳግ «ቀሪውን ከዚያኛው እይ» ይላል፤ ያም ወደ ሌላ ይመራል። አብዮት ጠባቂዎች አልዩ አምባን ቤት ለቤት መፈተሽ ሲጀምሩ ግን፣ አንዱ ቢያዝ ሌላው ይተርፋል ብለው ኪታቦቹን በየዘመዱ ቤት በተኗቸው።

ባሏን ታጣቂዎች ወስደው ደብዛውን ያጠፉባት ነሲባ ዛሬ መጣች።

«ሼሃችን፣ ልጆችሽን ላሳድግ የሚል ሰው ጠይቆኛል። ሚስት ነኝ ወይስ ባል የሞተባት? ቁርጤን ይንገሩኝ።»

መምህራቸው ስለ ጠፋ ባል የሰጡት ፍርድ ነበር። ሼሁ በእጃቸው የቀረውን ኪታብ ገለጡ፤ ህዳጉ ዘመዳቸው አብዱልሀሚድ ወደ ደበቀው ኪታብ መራቸው። አብዱልሀሚድ ደግሞ የቀበረበትን ለማንም ሳይናገር ተገድሏል።

«በቃልዎ አያውቁትም?»

«ኪታቡ አለ እያልኩ ፍርዱን አላጠናሁትም፣ ልጄ። ያጠናሁት መንገዱን ነው።»

«መንገዱ ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ሼሁ ኪታቡን ዘጉ። ዕድሜ ልካቸውን ኪታብ ሲማሩ ኖረው ያወቁት፣ እውቀት የት እንደሚገኝ ብቻ ኖሯል።

«እንግዲያስ ሰውየውን እምቢ ብዬ ልመልሰው» አለችና ሻርፏን አስተካክላ ወጣች። ሼሁም አልከለከሏት፤ በምን ቃል ይከልክሏት?