አያቴ ያልተከሉት ማንጎ

አሶሳ ገበያ የበሰለ ማንጎ ሽታ ሲያውደኝ የአያቴ ባዶ ደጅ ይመጣብኛል።

አያቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው እዚህ አሶሳ አካባቢ ያሰፈሯቸው ገበሬ ነበሩ። በመንደሩ የሁሉም ደጅ በማንጎ ጥላ ሲቀዘቅዝ የእሳቸው ደጅ ግን ፀሐይ ይነድበት ነበር። ልጅ ሳለሁ፣ በቆሏቸውን ከዝንጀሮ ስንጠብቅ፣ ለምን እንደማይተክሉ ጠየቅኳቸው።

«ዛፍ የሚተክል የሚቀር ሰው ነው፣ ልጄ። እኔ ነገ አገሬ እገባለሁ» አሉኝ። ወዲያው አንዲት ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ከጫካው ብቅ ስትል ወንጭፋቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። «እሷስ አገሯ ነው» አሉ።

ወሎን ዳግም ሳያዩ እዚሁ ተቀበሩ።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ሌላ አገር አላውቅም። ዛሬም ማንጎ ገዝቼ በላሁ። የውስጡን ፍሬ ልተክለው ብዬ እስከ ቤቴ ይዤ ሄድኩ፤ ደጄ ላይ ትንሽ ቆምኩና ወደ መንገዱ ወረወርኩት።