ቢጫው ቡቃያ

ከሚሴ፣ ግብርና ቢሮው ደጅ የተቀመጠችው ሴትዮ እግሯ ሥር አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አለ። ውስጡ ያለው፣ ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ለማየት አልጋ ሥር የሞከረችው በቆሎ ነው፤ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ደንግጣ ይዛው መጣች። ባለሙያው «በሽታ አይደለም፤ ብርሃን አጥቶ ነው። ፀሐይ ይምታው» ብሏት ገባ። ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳችም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ትባንናለች፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መንገዱን ታያለች።

ከአስር ሶላት በኋላ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆን ጀመረ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈልሽ» አልኳት፣ አጠገቧ ተራዬን ስጠብቅ የዋልኩት እኔ።

ፊቷ አልተፈታም።

«ከተኩሱ ወዲህ መስኮታችንን በጆንያ ደፍነናል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ከዚያ ቤት ሳይወጣ ሰባት ወሩ። ሰውስ ወንድሜ፣ ፀሐይ ሲያገኝ እንዲህ ይመለሳል?»