ፈቃድ የለውም

በዚያ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆማ ትኬት የምትቀበለውን ሴትዮ የማያውቃት የለም። ትኬቱን ትቀበልና ቀደድ አድርጋ ግማሹን ለራሷ፣ ጉማጁን ለባለቤቱ ትመልሳለች። በዚህ የተነሳ ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ሁሉም «እትዬ ጉማጅ» ነው የሚላት። ትቆጣለች ብለው ሲፈሩ እሷ ራሷ ወደደችው። «ሙሉውንማ ማን አገኘው ብላችሁ ነው» ትላቸውና ስቃ የሚቀጥለውን ትኬት ትቀበላለች።

ከጥቁር ልብስ ሌላ ለብሳ ያያት ሰው የለም። ለጥቁሩ ምክንያት አላት፤ ምክንያቷን ደግሞ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። እንዲህ ያለውን ሐዘን ሰው ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል ትሉ ይሆናል፤ እሷ ግን ኩራቷ ነው። በልጅነቷ የታጨችለት ልጅ ወታደር ነበር። ቀኑ ተቆርጦ፣ ቀሚሷ ተሰፍቶ፣ ወንበሩ ሳይቀር ከየጎረቤቱ ተለቅሞ ሳለ ጦርነቱ ጠና። ልጁ ከወንዙ ማዶ ካለው ግንባር ሳይመጣ ቀረ። ታላቅ እህቱ ቤታቸው ድረስ መጥታ «ፈቃድ የለውም» ብላ ነገረቻቸው። አለቆቹ አንለቅህም አሉት ማለት ነው። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ደግሞ መርዶው መጣ።

«ቢለቁት ኖሮ በእግሩም ቢሆን ይመጣልኝ ነበር» ትላለች እትዬ ጉማጅ። ይቺን ስትናገር ድምጿ አይሰበርም። እንዲያውም ቀና ትላለች።

ስንቱን መለሰችበት በዚች ንግግር! ፊልም አጫዋቹ፣ ያ አንደበቱ የታሰረ ደግ ሰው፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጃንጥላውን ለእሷ ሰጥቶ እሱ እየበሰበሰ ቤቱ ሲገባ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጉሮሮውን ጠራርጎ «ለምን አንጋባም?» አላት። «እኔን ለማግባት ፈቃድ ሲለምን የሞተ ሰው አለኝ እኮ» አለችው። ምን ይበል ምስኪን? ከሞተ ሰው ጋር ማን ተወዳድሮ ያሸንፋል? ጥቂት ጠበቀ፣ ሌላ አገባ፣ ልጆች አሳደገ፣ በመጨረሻም ጡረታ ወጣ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ እታለም የምትላት፣ ያን ሰሞን እግሯ ሥር ወድቃ ለምናት ነበር። «የኔ እናት፣ ለቆመው ሰው እሺ በይው» ብትላት ወይ ፍንክች! እታለምም ለምና ለምና ተወቻት።

እንግዲህ ኑሮ በዚህ ተረጋግቶ ሳለ ነው ያ ፊልም የመጣው።

ያንኑ ጦርነት ይዞ የተሠራ የፍቅር ፊልም ነው። ወታደሩ በጦርነቱ መሀል ፈቃድ ወስዶ ወደ ከተማ ይመጣል፤ የሚወዳትን ልጅ ያገባታል፤ ተመልሶ ግንባር ሄዶ ይሞታል። ሰው አለቀሰ እንዴት አለቀሰ! መሀረብ የያዘው በመሀረቡ፣ ያልያዘው በእጅጌው። ታዲያ በር ላይ ሲደርስ እንባውን ዋጥ ያደርግና ተቺ ይሆናል። አንዱ «ጫማው የዚያን ዘመን ጫማ አይደለም» ይላል። ሌላዋ «የልጅቷን ጥፍር አያችሁልኝ? ቦምብ እየዘነበ ጥፍር ቀለም ከየት መጣ?» ትላለች። አንድ ባል የጭነት መኪናው ሞዴል ከጦርነቱ በኋላ የወጣ መሆኑን ለሚስቱ ሲያስረዳ፣ ሚስትየዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመችና «አንተ መኪና ስታይ ነበር? እኔ ልቤ ሊወጣ ነው፣ አንተ ጎማ ትቆጥራለህ?» ብላ አዋረደችው።

እትዬ ጉማጅን የጫማውም የጥፍሩም ነገር አላስጨነቃትም። እሷን ቆሽቷን ያሳረራት ፈቃዱ ነው። «በዚያ ዓመት ፈቃድ? የት አባቱ ያገኘዋል!» ትላለች ትኬት እየቀደደች። «ውሸታቸውን ነው! ገብታችሁ እዩት እንጂ አትመኑት።» ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ «እትዬ ጉማጅ፣ ገበያ ልትዘጊብኝ ነው እንዴ?» ብሎ እስኪቀልድባት ድረስ።

የእሱ ቀልድ ነው፤ የእሷ ግን ቀልድ አልነበረም። ፊልሙ እውነት ከተናገረ ልጁ መምጣት ይችል ነበር ማለት ነው። መምጣት ከቻለ ደግሞ ሳይመጣ የቀረው በራሱ ነው። እንዲህ ቁልጭ አድርጋ ለራሷ አልነገረችውም፤ ሆዷ ግን ያውቀዋል። ያ ወታደር በመጋረጃው ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከመኪና በወረደ ቁጥር እሷ ከዚያች ሰዓት ለመሸሽ ወደ ውጭ ትወጣና ደረጃውን ሳይቆሽሽ ትጠርጋለች።

ክርክሩ እየሞቀ ሲሄድ ሥራ አስኪያጁ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከፊልሙ በኋላ፣ የተመልካች አስተያየት አዘጋጀ። ማይኩን ከወንበር ወደ ወንበር የምታዞረው እትዬ ጉማጅ ሆነች።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ ያለ ጎልማሳ ተነሥቶ ፊልም የታሪክ መጽሐፍ ባይሆንም የሰውን ሐዘን መነገጃ ማድረግ ግን ነውር ነው አለ። አንዲት ወጣት ተቀብላው «ጫማው ቢሳሳትስ? ፍቅሩ አልተሳሳተም!» ብላ ጭብጨባውን ወሰደችው። ሌላው ደግሞ፣ ምኑም ያልጣመው፣ ወታደሩ እንዲህ በቀላሉ ፈቃድ አግኝቶ መምጣቱን እሱ በበኩሉ እንደማያምን ተናገረ። እትዬ ጉማጅ አሁንስ አላስቻላትም። ማይኩን ወደ ራሷ አፍ አዞረችው።

«እሱ ልክ ነው» አለች። «በዚያ ዓመት ከወንዙ ማዶ የተለቀቀ ሰው የለም። እኔ ምስክር ነኝ። እጮኛዬ እዚያ ነበር። የሠርጋችን ቀን ተቆርጦ ፈቃድ ነሱት። ቢያገኝማ በእግሩም ቢሆን ይመጣልኝ ነበር። ይሄ ፊልም ያላገኘነውን አገኛችሁ ይለናል፤ እኔ በበኩሌ ይቅር አልለውም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የታሪክ አስተማሪው ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበላት። እትዬ ጉማጅ በሕይወቷ ይሄን ያህል ሰው አጨብጭቦላት አያውቅም፤ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሄኔ ነው ከፊተኛው ረድፍ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ እጁን ያወጣው። ማይኩን ወሰደችለት። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አፉ ላይ ራሷ ያዘችለት።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፤ ጨዋ ሰው ነው። «እርስዎን ላሳዝን አይደለም። እኔ በዚያ ግንባር የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ፈቃድ ነበር። ያን ክረምት እንዲያውም በደንብ ነበር። ወደ ከተማ ያመላለስኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ሠርግ አለብኝ ላለ ደግሞ ቅድሚያ ይሰጠው ነበር። ኧረ ምን ሠርግ ያለው ብቻ! ሠርግ የሌለውም አለብኝ እያለ ይሄድ ነበር! አንዱማ በአንድ ክረምት ሁለቴ አግብቷል!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪውም ሳቀ፣ ወጣቷም ሳቀች፣ ሽማግሌው ራሱ ድሮውን አስታውሶ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ። እትዬ ጉማጅ ማይኩን እንደያዘች ናት፤ የእሱ ሳቅ በእሷ እጅ አልፎ ነው በድምጽ ማጉያው የሚያስተጋባው። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ቀስ ብሎ ተቀበላት።

ሰው ሲወጣ ሽማግሌውን ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አባባ፣ ከወንዙ ማዶ የነበሩትስ? እነሱም ይለቀቁ ነበር?»

«እነሱን እኮ ነው የምልዎት። ዋነኞቹ ተሳፋሪዎቼ እነሱ ነበሩ።» ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «ምናልባት የእርስዎ ሰው ታሞም ይሆናል። ዘብ ላይ ሆኖም ይሆናል። ጦርነት ነው፣ ምን ይታወቃል…»

ደግ ሰው ነው፣ ሊጠግንላት ፈለገ። እሷም አመስግናው ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደችው።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እትዬ ጉማጅ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ያን ቀን የልጁ እህት መጥታ ምንድን ነው ያለችው?»

«የቱን ቀን?» አለች እታለም። እጇ ግን ምስሩ ላይ ቆመ።

«የቱን ቀን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«ፈቃድ የለውም አለች። ሌላ ምን ትላለች?»

«ፈቃድ ነበር፣ እታለም። ሠርግ አለብኝ ያለ ሁሉ ይለቀቅ ነበር። ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁ።»

እታለም ነገር ማድበስበስ የምትችልበት ሴት አይደለችም። ትሪውን ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠችው፤ ከዚያ አንሥታ መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«እና ፈቃድ የለውም ማለት ምን ማለት ነበር?» አለች ታናሽየዋ።

«አልፈቀደም ማለት ነበር» አለች እታለም። «ልጁ ራሱ። አላገባም ብሎ ነበር። እህቱ ደግሞ እኛን ማዋረድ ከብዷት ለስለስ አድርጋ ነው የነገረችን። እማዬ ወዲያው ገባት። እኔም ገባኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከጓዳ ሮጠሽ ወጣሽ። ‹ከልክለውት ነው አይደል? እኔ እኮ ጠልቶኝ መስሎኝ!› አልሽና ሳቅሽ። መልእክት መላክ ካቆመ ጀምሮ እህል በአፍሽ አልዞር ብሎ፣ መንምነሽ፣ ትሞቺብናለሽ ብለን የፈራንልሽ ልጅ ያን ቀን ሳቅሽ። ቁጭ ብለሽ ዳቦ በላሽ። እማዬ ልታርምሽ አፏን ከፈተች፤ ሳቅሽን አየችና መልሳ ዘጋችው። ‹ትንሽ አቅም ታግኝ፣ ያኔ እንነግራታለን› አለችኝ።»

«አልነገራችሁኝም።»

«ዛሬ ነገ ስንል ሞተ። ከሞተ በኋላ ምን ብለን እንንገርሽ? አንቺን ሳይፈልግ ሞተ ይባላል?»

እትዬ ጉማጅ ንዴት ቢሆን በወደደች፤ ንዴት እንኳ አልመጣላትም። ውስጧ ባዶ ሆነ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ቀና ማለት፣ ለማንም ለምንም ያልተንበረከከ ኩራት፣ የቆመበት ነገር አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷንም በትክክል አልሰማቻትም።

«ፊልም አጫዋቹ ሲጠይቀኝስ?» አለች። «ያኔ እንኳ አትነግሪኝም ነበር?»

«መንገር ነበረብኝ» አለች እታለም። ሰበብ አላበጀችም። «ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ይሄን ከወሰድኩባት ምን ይቀራታል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነኝ። እግዜር ይየኝ፣ ፈሪ ነኝ።»

እታለም ታለቅሳለች። እትዬ ጉማጅ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ትዝ ሲላትም ፊቷ አመድ መሰለ። የለቅሶው ቤት ነው። መርዶው የመጣ ጊዜ፣ የልጁ ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ሰውን ሁሉ ጥሳ አልፋ ከእናቱ ጎን ተቀምጣለች። «እጮኛዬ! ሳያገባኝ የሞተው!» እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኻለች። እህቶቹ ዝም ባሉበት ሰዓት እንኳ እሷ አላቆመችም።

«እነሱም ያውቁ ነበር?» አለች። «እዚያ ስቀመጥ… እንደዚያ ስሆን?»

«ያውቁ ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እህቱ ልታስነሣሽ መጥታ ነበር፤ ሰው ፊት እጅሽን ይዛ ልታስወጣሽ ስትል እናቱ ከለከለቻት። እኔ ከኋላሽ ነበርኩ፣ ሰምቻታለሁ። ‹ተያት፤ ለልጄ የሚያለቅስለት ይብዛለት› አለቻት።»

እትዬ ጉማጅ ፈገግ አለች። በር ላይ ሆና ትኬት ስትቀድ ከሰው ጋር የምትቀልድባት ፈገግታ ናት፤ መንገዷን ስታ መጣች እንጂ ጊዜዋ አልነበረም።

«እንግዲያው ፈቃዱን ያገኘሁት እኔ ነኛ» አለች። «የማልቀሱን።»

ይሄን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እታለም ስሟን ጠራቻት፤ በልጅነት ስሟም ጠራቻት፤ ተነሥታ ትከሻዋን ያዘቻት። እሷ ግን ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም።