መልኳን የለወጠችው የአደራ ብር

ኦቦ ባቻ ዕድሜያቸውን የፈጁት የሰው ዕቃ በመጠበቅ ነው። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ይዘው ኖረው በጡረታ ተሰናበቱ፤ ከዚያም ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ የሚያኖረው በእርሳቸው እጅ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው ባለችው በጉቴ በመሬት ወሰን ሲካሰሱ የኖሩት የኦቦ ቀነአና የሮብሳን ቤተ ሰቦች በታረቁ ጊዜ፣ የዕርቁን ምልክት ማን ይያዝ ቢባል ሁለቱም ወገኖች የጠሩት የእርሳቸውን ስም ነበር።

ምልክቱ አንዲት ጠገራ ብር ናት። የሮብሳን እናት በሕይወት ሳሉ በአንገታቸው ያጠልቋት ነበር። ከአንደኛው ቤት የተዳረች ልጅ ወደ ሌላኛው ቤት በምትገባበት ጊዜ ብሯ ለሙሽራዋ እንድትሰጥ፣ እስከዚያው ግን በኦቦ ባቻ ዘንድ በአደራ እንድትቀመጥ ሁለቱ ቤቶች ተስማሙ። በዕርቁ ዕለት ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ አይተዋታል። ዘመን ያለበሳት ልዩ መልክ ነበራት፤ ዳር ዳሯ ሰማያዊ፣ ወደ መካከሏ ወርቅማ ሲሆን፣ በላይዋ በተቀረጸችው ንግሥት ጉንጭ ላይ ቀላ ያለ ወገግታ ይታይ ነበር። ሮብሳን መታወቂያዋ ይኸው መልኳ እንደ ሆነ ለሁሉም አስታወቀ። ሰው በሚለዋወጥ ነገር ላይ እምነቱን ሲተክል ምን ሊከተል እንደሚችል በዚያ ቀን ያሰበ አልነበረም።

ኦቦ ባቻ ብሯን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው በእንጨት ሣጥን አስቀመጧት። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ግን በሰፈሩ ሌባ በዛ፤ የጎረቤት ቤትም ተዘረፈ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድርቤ ማንም ሌባ ነጭ ሽንኩርት አይፈትሽም በማለት ብሯን ከነጨርቋ በሽንኩርቱ ከረጢት ውስጥ ደበቋት። ኦቦ ባቻም ብልሃቱን አመሰገኑ።

ጥር ሲቃረብ የኦቦ ቀነአ የልጅ ልጅ ሌንሳ ለሮብሳን ልጅ ለፊራኦል ልትዳር መሆኑ ተነገረ። ኦቦ ባቻ ከረጢቱን ፈትተው ብሯን አወጧት። ዳሯ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ወርቅማው ጠፍቷል፤ የንግሥቲቱ ጉንጭ የተመታ ሰው ፊት መስሏል። ወደ መስኮት ወሰዷት፣ ወደ ደጅ ወጡ፣ በፀሐይ አገላበጧት። ብርሃኑ ምንም አልፈየደም።

ወይዘሮ ድርቤ ሎሚና አመድ ይዘው መጡ። ለበዓል ጌጣቸውን የሚያጸዱት እንዲሁ ነበርና። ባላቸውንም እንደ ልማዳቸው በልጃቸው ስም ጠሯቸው።

«አባ ቶሌራ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቀው? አሁን አበራልሃለሁ።»

ኦቦ ባቻ የሚስታቸውን እጅ ያዙ። ጠቁራ ብትታይ ተበላሸች ይባላል፤ ነጥታ ብትታይ ግን በሌላ ተለወጠች ይባላል። ተለወጠች ከተባለ ደግሞ ነገሩ በብሯ አያበቃም፤ ዕርቁም ሠርጉም አብረው ይናጋሉ።

በማግሥቱ ገበያው አጠገብ የብርና የወርቅ ጌጥ ወደምትሸጠው ወደ ሱአድ ሄዱ። ሱአድ ብሯን በማጉያ መስታወት አይታ፣ ያ ቀለም ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ብሩ ራሱ ከአየር ጋር ሲኖር የሚያወጣው ስስ ቆዳ እንደ ሆነ አስረዳቻቸው። በደረቅና በተዘጋ ስፍራ ለውጡ እጅግ ይዘገያል፤ ሽታው የከረረ ነገር፣ ጭስና እርጥበት ግን ያፈጥኑታል። ፈጽሞ ይቆማል ብላ ግን ልትምልላቸው እንደማትችል፣ ቆዳው ከተፋቀ በኋላም የቀድሞው መልክ ተመልሶ እንደማይመጣ ነገረቻቸው።

ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኦቦ ባቻ፣ ከፈለጉ አነጣትና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ዘግቼ አቆያታለሁ። የእንቁላሉ ሽታ ወርቅማም ቀይም ያደርጋታል። ድሮ የነበረችውን ባትሆንም ለዓይን ትመስላለች።»

«እስከ ሠርጉ ይቆያል?» አሉ።

ይህን መጠየቃቸው ራሱ አስደነገጣቸው። መልሷን ሳይጠብቁ ብሯን ጠቅልለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የጭንቅ ነበሩ። ብሯን በየጊዜው ይፈቷታል፤ በፈቷት ቁጥር የባሰ የጠቆረች ይመስላቸዋል፤ በትንፋሼ አበላሸኋት ብለው መልሰው ይሸፍኗታል። ምግብ ይቀርባል፣ ይነሣል። ወይዘሮ ድርቤ ጥፋቱ የእኔ ነው ቢሏቸው፣ አደራው ለእኔ እንጂ ላንቺ አልተሰጠም ብለው ዝም አሰኟቸው። ይህ አነጋገር ጨካኝ ቢመስልም ትክክል ነው፤ አደራ ተቀባይ ጥፋቱን ለሌላ ማካፈል አይችልም።

ብሯን የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ባልና ሚስቱ በሚኒባስ ወደ ጉቴ ወረዱ። በኦቦ ቀነአ ቤት ሁለቱም ወገኖች ተሰብስበዋል። ኦቦ ባቻ ጨርቁን ፈትተው ብሯን ለሮብሳን ሰጡት። ሮብሳን አገላብጦ አያት።

«ይህቺ የእናቴ ብር አይደለችም።»

ኦቦ ባቻ የሌባውን ስጋትና የሽንኩርቱን ከረጢት ሳይደብቁ ተናገሩ። ኦቦ ቀነአ ነገሩን ለማብረድ ያህል፣ «ባቻ ኮ፣ ባቻዬ፣ ወጥ ልትሠራባት ኖሯል?» አሏቸው። ጥቂቶች ሣቁ፤ ሮብሳን አልሣቀም።

«ይማሉልኝ» አለ።

«ልጄ፣ እምነቴ መሐላ እንደማይፈቅድልኝ ታውቃለህ። ብሯ ራሷ ናት። ከዚህ ቃል ሌላ የምጨምርልህ የለኝም።»

በዚህ ጊዜ ኦቦ ቀነአ ሰማያዊው ቀለም መካከሏ ላይ እንጂ ዳሯ ላይ እንዳልነበረ በእርግጠኝነት ተናገሩ። ከጎናቸው የተቀመጠ ዘመዳቸውም አዎን፣ መካከሏ ላይ ነበር አለ። ሮብሳን ግራ ተጋባ፤ ብሯን አየ፣ ሰዎቹን አየ፤ በራሱ ትዝታ መጠራጠር መጀመሩ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ኦቦ ባቻ ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ በሰው መርሳት ተሳብቦ ባለቀ ነበር።

«ሮብሳን ልክ ነው» አሉ። «ሰማያዊው ዳሯ ላይ ነበር፤ ጉንጯም ቀይ ነበር። በደንብ ያስታውሳታል። ያን መልክ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሮብሳን ተነሥቶ ብሯን በሌንሳ መዳፍ ላይ አኖረና ወደ ኦቦ ባቻ ዞረ።

«በምን ትጠቅልላት?»

ኦቦ ባቻ ወደ ሌንሳ ዘወር አሉ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ደረቅ ቦታ፣ ከማድ ቤት የራቀ እንዲሆን፣ በጣትም ብዙ እንዳትነካካት ነገሯት። እንዲህም ሆኖ እንዳለች ትኖራለች ብላ ለማንም ቃል እንዳትገባ አስጠነቀቋት።

ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ ወይዘሮ ድርቤ እፎይ ብለው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጣሉ። ኦቦ ባቻ ግን ዓይናቸውን አልከደኑም። የሙሽሮቹ አዲስ ቤት ማድ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ በስንት ርቀት ላይ እንደ ተሠራ ሳይጠይቁ መምጣታቸው ትዝ ብሏቸው ነበር።